ጠጠር ያረሰው ዋሴ

የአያ ዋሴን ሞት የነገረኝ ከደባርቅ ድንች ጭኖ የመጣ የከባድ ማኪና ሹፌር ነው። ጎንደር ገበያው ዳር ቆሞ ጎማውን በእግሩ እየመታ ሲፈትሽ አየኝና፣ «መምህርት፣ ያ ጠጠር አራሹ ዋሴ ሞተ። ትናንት ቀበሩት» አለኝ።

«ነፍስ ይማር» ለማለት አፌን ከፈትሁ፤ ግን ተውሁት። ዋሴ ሰው ይህን ቃል እንደ ሰላምታ ሲያወርደው አይወድም ነበር። «የሚማረውም የማይማረውም አንድ ላይ ይማር ከተባለ፣ እግዜር በምን ይለያቸው?» ይል ነበር። በማግስቱ ጠዋት ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ አገሩ ወደ ወገራ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርሁ። መንገዱን አውቀዋለሁ። አብዛኛውን የተመላለስሁበት ከእሱ ጎን ተቀምጬ ነው።

በዚያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። የውጭ አገር እንግዳ ሲመጣ ከትምህርት ቤት ያስፈቅዱኝና አስተርጓሚ አድርገው ይልኩኛል። የነገሥታቱን ግቢ፣ ቁስቋምን፣ ቀሐ ያለውን የፋሲል መዋኛ አሳይቼ ሳበቃ፣ እንግዳው አብዛኛውን ጊዜ የስሜንን ተራራ ማየት ይፈልጋል። ወደዚያ የሚወስደን ላንድሮቨር ሹፌሩ ዋሴ ነበር። ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ፣ ረጅም፣ ከሲታ፣ ሙቀት ቢሆን ብርድ ቢሆን ያንኑ የወታደር ካፖርት የሚለብስ ሰው። ስናወራ ዓይኑን ከመንገዱ አይነቅልም። አንድ ነገር ሊያሳየኝ ሲፈልግ በአገጩ ነው የሚጠቁመኝ። መጀመሪያ ኩራት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን እኔ ራሴ ኮሶዬ ላይ ገደሉን ለእንግዳ በጣቴ ሳሳይ እጄን ቀስ አድርጎ አወረደውና፣ «በጣት መጠቆም የባንዳ ሥራ ነው» አለኝ።

ከአምባ ጊዮርጊስ አለፍ እንዳልን ሁልጊዜ ማኪናውን ያቆማል። «ማኪናዋ ውሃ ጠማት» ይላል። ማኪናዋ ጠማትም አልጠማትም፣ የተሳፈረው ባለሥልጣን ቢሆን ፈረንጅ ቢሆን፣ እዚያች ቦታ ላይ ውሃ ትጠማለች። እንግዳው እግሩን ሊያፍታታ ይወርዳል፤ ሲወርድም ያን ነገር ያያል።

ከመንገዱ በታች፣ ገብስና ባቄላ በተዘራበት መካከል፣ ምንም ያልተዘራበት አንድ ቦታ አለ። ዙሪያውን ቀርከሃ ተተክሎበታል። ከምንጩ የተጠለፈ ውሃ በድንጋይ መካከል እየዞረ ትንሽ ኩሬ ይሠራል፤ በኩሬው ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ከጽድ የተሠራ ጎበጥ ያለ ድልድይ አለ። ከድልድዩ ወዲያ መሬቱ ሁሉ ከወንዝ የተለቀመ ነጭ ጠጠር ነው። ጠጠሩ ጥርስ ባለው የእንጨት መጥረጊያ እንደ እርሻ ትልም ተሰምሯል። ከጠጠሩ ውስጥ የድንጋይ ሽበት የለበሱ አምስት ድንጋዮች ቆመዋል። ትልቅም ትንሽም አሉ፤ አንዱ ወደ ሌላው ዘንበል ያለ ነው፤ አንዱ ደግሞ ከሌሎቹ ለብቻው ፈንጠር ብሏል።

የአገሩ ሰው መጀመሪያ ሥቆበት ነበር። «ዋሴ ኮሪያ ሄዶ አእምሮውን ጥሎ መጣ፤ እህል የሚያበቅል መሬት ላይ ጠጠር ያርሳል» እያሉ። ቆይቶ ግን ከቅዳሴ በኋላ እየመጡ ዳር ዳር መቀመጥ ጀመሩ። ወሬው ተዛመተ። የዳባትም የደባርቅም መንገደኛ ሳያየው አያልፍም ነበር።

እኔ ነገሩን የጠየቅሁት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጉዟችን ይመስለኛል። «አያ ዋሴ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የጃፓን የአትክልት ቦታ ነው» አለ። «ከጦር ሜዳ ለዕረፍት ጃፓን ሰደዱን። ሌሎቹ ጓደኞቼ ወደ መጠጥ ቤት ሄዱ፤ እኔ መንገድ ጠፍቶብኝ አንድ ግቢ ገባሁ። አንድ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ጠጠር ይጠርጋል። ቋንቋ አንግባባም፤ ሻይ ሰጠኝ። እዚያ አገር ድንጋይን እንደ ሰው ያቆሙታል። ፊት አለው፤ ጀርባ አለው። ሰው ይመጣና ዝም ብሎ ቁጭ ብሎ ያየዋል። እኔም አየሁት፤ አየሁትና ያን ጊዜ መላው ተገለጠልኝ።»

«የምን መላ?»

በአገጩ ወደ ድንጋዮቹ ጠቆመኝ። «ያ ትልቁ አባቴ ነው፤ መርሻ ይባላል። እነዚያ ሁለቱ ታላላቆቼ ናቸው፤ አድማሱና ታደሰ። ያ አጠር ያለው አጎቴ ሲሳይ ነው። ያ ለብቻው ያለው ይርጋ ነው፤ እህቴን አትጠገብን ሊያገባ የታጨ።» ከዚያ አገጩን ወደ ላይ አነሣ። ከመንገዱ በላይ፣ አቀበቱ ላይ፣ የቆርቆሮ ጣራ ያለው ሰፊ ቤት አለ። በዚያ ሰፈር ቆርቆሮ የነበረው ያ ቤት ብቻ ነው። «ያስያዛቸው እዚያ ይኖራል። ግራዝማች አበጀ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በጣሊያን ጊዜ የዋሴ አባትና ዘመዶቹ ጫካ ላሉት አርበኞች ስንቅ ያቀብሉ ነበር። አንድ እሑድ ወታደሮች ሰውን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ከበቡና ወንዱን ሁሉ አሰለፉት። አንድ ሰው ፊቱን እስከ ዓይኑ በጋቢ ሸፍኖ በሰልፉ ፊት አለፈና አምስቱን በከዘራው እየነካ ለያቸው። እዚያው ተረሸኑ። ዋሴ ያኔ ልጅ ነው፤ በእናቱ ቀሚስ ሥር ተደብቆ አይቷል። «ፊቱን ቢሸፍን አካሄዱን ምን ሊያደርገው? አገሩ ሁሉ አውቆታል» አለኝ።

ጣሊያን ሲወጣ አበጀ ቀድሞ ለንጉሡ መንግሥት ገባ። እጅ ነሣ፣ መንገድ መራ፣ ያወቀውን ተናገረ፤ ያለፈው አለፈ ተባለና ምሕረት ብቻ ሳይሆን ማዕረግም አገኘ። ዋሴ ሲጎለምስ ጠመንጃ ገዛ። እናቱ ጠመንጃውን ስታይ ደረቷን ገልጣ፣ «ደም ብታፈስ የጠባኸው ጡት ይፋረድህ። የቀራችሁኝ አንተና አትጠገብ ናችሁ» አለችው። በቄስ ፊትም አስማለችው። እሷ ስትሞት ዋሴ ጠመንጃውን ሸጦ ለጦሩ ተመዘገበ።

«እንግዲህ መግደል አልችል፤ መርሳትም አልችል» አለኝ። «ጃፓን ላይ ሦስተኛ መንገድ አገኘሁ።»

ሦስተኛው መንገድ ይህ ነበር። የመጣውን ሁሉ ከድንጋዮቹ ጋር ያስተዋውቃል። ድምፁን አያነሣም፤ አይሳደብም። ስማቸውን አንድ በአንድ ይናገርና አገጩን ወደ ቆርቆሮው ቤት ያነሣል። ያኔ እንግዳው ሁሉ፣ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ዳኛው፣ ፈረንጁ፣ ቀና ብሎ ያን ቤት ያያል። ግራዝማች ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ መሞቅ ይወድ ነበር አሉ። ወንበሩን አስገባ። ቆይቶ በመንገዱ በኩል ያለውን በር በድንጋይ አስደፈነና በጓሮ በኩል ሌላ አወጣ። ዋሴ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ በራ፤ ፈገግ ሲል ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

ሁሉንም ነገር ወድጄለት ነበር ማለት አልችልም። አንድ ዓመት የግራዝማችን ልጅ ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከዳባት ተላኩ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እግረ መንገዳቸውን ጠጠሩን ለማየት ወረዱ። ከዚያ አቀበቱን አልወጡም፤ ወደ መጡበት ተመለሱ። ይህን ስሰማ አላስቻለኝም። «አያ ዋሴ፣ ልጅቱ ምን አደረገች?»

«ምንም» አለ፣ ማኪናውን ሳያቆም። «አትጠገብስ ምን አደረገች?»

አትጠገብን አውቃታለሁ። ዋሴ ለሥራ ጎንደር ሲሰነብት ጠጠሩን የምትሰምረው እሷ ናት። ጠይም፣ ዝምተኛ፣ ከይርጋ በኋላ ስንት ጠያቂ እየመለሰች ሳታገባ የቀረች ሴት።

አሁን ልነግራችሁ ወደፈለግሁት ቀን ልምጣ።

አንድ ጃፓናዊ እንግዳ መጣ። ስለ ጥንት ሕንፃ የሚያጠና፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ትንሽ ሰውነት ያለው ሰው ነበር። ጎንደርን ስናዞረው ብዙ አይናገርም፤ ግንቡን በመዳፉ እየዳሰሰ ኖራው በምን እንደተቦካ ይጠይቀኛል። ቁስቋም ፍርስራሹ ውስጥ ተቀምጦ ሥዕል ሣለ። በማግስቱ ወደ ደባርቅ ስንነሣ ዋሴ ካፖርቱን አስቦርሾ፣ ጢሙን ተላጭቶ መጣ። እንዲህ ተጨንቆ አይቼው አላውቅም።

«ዛሬም ማኪናዋ ውሃ ይጠማታል?» አልሁት።

«ዛሬ ጉሮሮዋ ደርቋል» አለኝ።

ወሬው ቀድሞን ኖሮ ስንደርስ ብዙ ሰው መንገድ ዳር ተቀምጧል። «የጠጠሩ አገር ሰው መጣ» ይላሉ። እንግዳው ከማኪናው ወርዶ ጥቂት እንደተራመደ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ጠጠሩ ዳር ቁጢጥ አለ። ጎኑ ሆኜ ጠበቅሁት። ዋሴ ኮፍያውን በእጁ ይዞ እንደ ተማሪ ከኋላችን ቆሟል።

«ማን አስተማረው?» አለኝ እንግዳው። ነገርሁት። ሽማግሌውን፣ ሻዩን፣ ሁሉንም። ራሱን ነቀነቀ። «የውሃው አወራረድ ሸጋ ነው» አለ፤ እኔ ነኝ በእኛ ቃል ሸጋ ያልሁት። ቀጥሎ ግን እንዲህ አለ፤ «የአትክልት ቦታ ልብን ለማሳረፍ ነው። ይህኛው አያሳርፍም። ድንጋዮቹ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ያያሉ።»

ተርጉሜ ለዋሴ ነገርሁት። «እኔን ያሳርፈኛል በይው» አለ። «ወዴት እንደሚያዩም ንገሪው።»

ስነግረው እንግዳው ቀስ ብሎ ተነሣና ወደ ቆርቆሮው ቤት አየ። ስለ ራሱ አገር ጦርነት፣ ስለ ራሱ ሙታን ሊያወራ የፈለገ ይመስል ነበር፤ ግን «ገባኝ» ብቻ አለ።

በዚህ ጊዜ ነው ሰዎች ከአቀበቱ ሲወርዱ ያየነው። ከፊት ቄሱ አባ ገብሬ መስቀላቸውን ይዘዋል፤ ከእሳቸው ኋላ ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች፤ ከመካከላቸው ወገቡ የጎበጠ፣ ነጠላውን ታጥቆ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ የተሸከመ ሽማግሌ። ግራዝማች አበጀ ይቅርታ ሊጠይቅ መምጣቱ ነው። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው «አውርድ» ብሎ መማር የአገሩ ወግ ነው። ቀኑንም አስበውበታል። በባሕር ማዶ እንግዳ ፊት፣ ያን ሁሉ ሕዝብ እያየው፣ ዋሴ እምቢ አይልም ብለዋል።

ግራዝማች መጥቶ ጎንበስ አለ። «ዋሴ ልጄ፣ አጥፍቻለሁ። ስለ እግዚአብሔር ማረኝ።»

«ምን አጠፋህ?» አለ ዋሴ።

«የዚያን ጊዜውን … ዘመኑ እንዲያ ነበር፤ ሁሉም …»

«ስለ ዘመኑ አልጠየቅሁህም። ምን አጠፋህ?»

አባ ገብሬ ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ ሽማግሌ ነው፤ አታድክመው። አውርድ በለው።»

«እለዋለሁ አባ። ግን የጠቆማቸውን ስም ይጥራ። በስማቸው ይቅርታ ይጠይቅ። ብዙ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ «ተገቢ ነው» አለ። ግራዝማች ጀመረ። «መርሻ … አድማሱ … ታደሰ … ሲሳይ …» ቆመ። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ ጢሙ ውስጥ ገባ።

«አምስተኛው?» አለ ዋሴ።

«አምስተኛው … የዚያ … ከወዲያ ማዶ የነበረው ልጅ …»

«ስሙ ማነው?»

«ረሳሁት» አለ ግራዝማች። ሲናገር ድምፁ የሐሰት አልነበረም። በእርግጥ ረስቶታል።

አትጠገብ ጠላ ይዛ ለእንግዳው ልታቀርብ ድልድዩ አጠገብ ቆማ ነበር። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ስሙን ትነግረዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ፊቷን አዞረች።

ዋሴ ወደ ግራዝማች ተጠጋ። «አውርድ» አለ።

ሕዝቡ ተነፈሰ። ከሴቶቹ አንዷ እልል ልትል ጀመረች። ዋሴ ድንጋዩን ራሱ፣ በሁለት እጁ፣ ከግራዝማች ማጅራት ላይ ቀስ አድርጎ አነሣው፤ እንደ ሕፃን አቅፎትም ወደ አትክልቱ መግቢያ ሄደ። ሰው ከመንገዱ ወርዶ ወደ ጠጠሩ የሚገባበት ቦታ ላይ በተረከዙ መሬቱን ቆፈረ፣ ድንጋዩን ጠፍጣፋ ጎኑን ወደ ላይ አድርጎ አጋደመው፣ ላዩ ላይ ቆሞም ጠቀጠቀው። የገባ ሁሉ የሚረግጠው የመግቢያ ድንጋይ ሆነ።

«ዋሴ!» አሉ አባ ገብሬ። «ምሬሃለሁ አልህ እኮ!»

«አውርድ ነው ያልሁት አባ። አወረድሁለት። ምሬሃለሁ የሚል ከአፌ አልወጣም። የገደለውን ሰው ስም የረሳ፣ ምኑን ነው ይቅር የምለው?»

«እገዝትሃለሁ።»

«ይገዝቱኝ። ደም ግን አላፈሰስሁም። እናቴ ያስማለችኝን ጠብቄያለሁ።»

አባ ገብሬ መስቀሉን ጨብጠው ለጥቂት ጊዜ ቆሙ። ከዚያ ሳይገዝቱ ዞረው አቀበቱን ወጡ። ሽማግሌዎቹ ግራዝማችን በሁለት ክንዱ ደግፈው ተከተሏቸው። ሲሄድ አየሁት። ያው አካሄዱ ነው፤ አሁንም አንድ እግሩን ሳብ ያደርጋል። ማንም ሰው በሩቅ ይለየዋል።

እንግዳው ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። እንደሆነው ነገርሁት፤ ምንም አላለሰለስሁም። ድንጋዮቹን ከቅርብ ሊያይ ወደ መግቢያው መጣና የተጋደመውን ድንጋይ ተሻግሮ፣ ሳይነካው ገባ። እኔ ተራዬ ሲደርስ ዋሴ እያየኝ ነበር። ረገጥሁት። ጫማዬ ተረከዝ ነበረው፤ ጫን አድርጌ ነው የረገጥሁት። እስከ ዛሬም አልተጸጸትሁም።

ዳባትን አልፈን ወደ ደባርቅ ስንቃረብ እንግዳው እንቅልፍ ወሰደው። ነፋሱ ገብሱን ያስተኛዋል። ዋሴ ለራሱ ቀስ ብሎ ያዜማል።

«ረካህ?» አልሁት።

«አዎ።»

«በቀል አያረካም ይላሉ።»

«ያልተበቀለ ሰው ነው እንዲያ የሚለው» አለኝ። ከዚያ ደባርቅ እስክንገባ ዜማውን አላቋረጠም።

ግራዝማች ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ኖሮ ሞተ። ዋሴ ቀብር አልሄደም፤ በዚያ ቀን ኩሬውን ሲጠርግ ዋለ አሉ። ዋሴን ራሱን የጣለው ሳል ነው። ኮሪያ ላይ የያዘው ብርድ አልለቀቀውም ይል ነበር፤ በመጨረሻው ክረምት ሳንባው እምቢ አለው።

አውቶቡሱ ሲያወርደኝ ሐዘንተኛው ከቀርከሃው ዳር በተጣለ ዳስ ውስጥ ተቀምጧል። እትዬ አትጠገብ ጥቁር ለብሳ መካከል ላይ ናት። አቅፌያት አለቀስን። ጎኗ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ወጣት ገበሬ ጎንበስ ብሎ ገባ። የግራዝማች የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ከአቀበቱ ላይ የወረደ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ እትዬ» አላት። ትንሽ ቆይቶ ቀጠለ። «አንድ ነገር ልለምንሽ ነው የመጣሁት። አባቴም ሞተ፤ አያ ዋሴም ሞተ። ነገሩ በሁለቱ አልቋል። ያን ድንጋይ ስጪኝና አባቴ መቃብር ላይ ላኑረው። ሰው ሲረግጠው ማየት ከብዶኛል።»

«ሁለቱ ሞቱ» አለች አትጠገብ። «አምስቱ መቼ ተነሡ?»

ልጁ አቀረቀረ።

«አባትህ አንዱን ረስቶት ነበር» አለች። «አንተስ ስሙን ታውቀዋለህ?»

«ይርጋ» አለ ልጁ ሳያመነታ። «ይርጋ ነው። አያ ዋሴ ለመንገደኛው ሲናገር ከበላይ ሆኜ ስሰማ ነው ያደግሁት። የአምስቱንም አውቃለሁ።»

አትጠገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ እንባ ሞላ። ያን ስም ከዚያ ቤት ሰው አፍ ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ መሆን አለበት። በራሷ እጅ ጠላ ቀዳችለት፤ እስኪጎነጭም ጠበቀችው።

«ልጆች አሉህ?»

«ሁለት፤ ትንንሾች ናቸው።»

«እነሱስ የይርጋን ስም ያውቁታል?»

«አያውቁም፣ እትዬ።»

«እንግዲያስ ድንጋዩ እነሱ ስሙን እስኪያውቁት እዚያው ይቆይ» አለችው።

ልጁ ጠላውን ጨርሶ ጽዋውን በሁለት እጁ መለሰላት። «እሺ፣ እትዬ» አለና ወደ አቀበቱ ሄደ።